«ገባችሁ?» አትበያቸው

ልጄ፣

የምደባ ደብዳቤሽን ይዘሽ ቤቴ የመጣሽ ዕለት ፊትሽ ላይ ያየሁት ደስታ እስካሁን አብሮኝ አለ። ከጭሮ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተመርቀሽ ከበዴሳ ወዲያ ወዳለ የገጠር ትምህርት ቤት ልትሄጂ ነው። ቡናው እየፈላ «ጋሼ፣ ጎበዝ አስተማሪ ለመሆን ምን ላድርግ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ በአፌ የመጣውን ነገርኩሽ፦ ሰዓት አክብሪ፣ ልጆቹን ውደጃቸው፣ ተዘጋጅተሽ ግቢ። ከሄድሽ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያልኩሽ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ይህን ኮሌጁም ነግሮሻል። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ጠመኔ ይዤ የኖርኩ ሰው ከዚያ የተሻለ ነገር ልሰጥሽ ይገባ ነበር። ስለዚህ ወረቀት አነሣሁ። የምጽፍልሽ ስለ አንዲት ቃል ነው፤ በየቀኑ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ከአፋችን ስለምትወጣው «ገባችሁ?» ስለምትባለው።

መምህሩ ክፍልፋይ ያስተምራል። ሰሌዳውን ሞልቶ ሲያበቃ ዞር ይልና «ገባችሁ?» ይላል። «አዎዎ!» ይላል ክፍሉ፣ ሰባው ልጅ በአንድ አፍ። መምህሩ የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ አራግፎ ወደሚቀጥለው ርዕስ ያልፋል። አንቺም ተማሪ ሆነሽ ይህን ብለሻል። እስቲ ልብሽን ጠይቂው፣ ያን ሁሉ ጊዜ «አዎ» ስትዪ ገብቶሽ ነበር? ጎንሽ ያለችው ልጅ «አዎ» ስላለች ብቻ ያልሽበት ጊዜ የለም? ብቻሽን ተነሥተሽ «አልገባኝም» ማለቱ ስላሳፈረሽ፣ መምህሩ የደከመው ስለመሰለሽ፣ ደወሉ ስለደረሰ? ልጁ «አዎ» የሚለው መምህሩን ደስ ለማሰኘት ነው፤ መምህሩም «አዎ» መስማት የሚፈልገው ክፍለ ጊዜውን በሰላም ለመጨረስ ነው። ሁለቱ ተስማምተው ትምህርቱን ደጅ ጥለውት ይለያያሉ።

አማርኛችን «ገባኝ» ይላል። ኦሮምኛውም «ናፍ ገሌ» ይላል፤ ገሌ ማለት ያው ገባ ማለት ነው። ይህን መጀመሪያ ያስተዋልኩት ኦሮምኛ ስማር ነበር፣ በጣምም ገረመኝ። ጎን ለጎን የኖሩ ሁለት ሕዝቦች ዕውቀትን የሚያዩት ደጃፍ አልፎ ቤት እንደሚገባ እንግዳ ነው። እንግዳ መግባት አለመግባቱን ማወቅ የፈለገ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ አይጣራም፤ ቤት ዘልቆ ያያል። መምህርነት ብዬ የማምነው ይህን ዘልቆ ማየት ነው። በዕድሜዬ ያየኋቸው ታላላቅ መምህራን ጠባያቸው ለየቅል ነበር። አንዱ ዝምተኛ ነው፣ አንዱ ተጫዋች፣ አንዷ ቁጡ፣ አንዱ ልብሱ የተጨማደደ። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ቢኖር ትምህርቱ የትኛው ልጅ ዘንድ እንደገባ፣ የትኛው ዘንድ ደጃፍ ላይ እንደቀረ ማወቃቸው ነበር።

የእኔ የመጀመሪያ ተማሪዎች አዋቂዎች ነበሩ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ 15 ቋንቋዎች ደረሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ዩኔስኮ ሸልሞታል። እኔ የደረሰኝ ገጠር ውስጥ አንድ ጎተራ ነው፤ የተማሪዎቼም ዕድሜ ከሠላሳ እስከ ሰባ ይሆናል። አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ፊደል ገበታው ላይ ጣታቸውን ያስቀምጡና «ቆይ ልጄ፣ እዚች ላይ ጣልኸኝ» ይሉኝ ነበር። አያፍሩም። እርሻቸውን ትተው፣ ጉልበታቸው እያመማቸው የመጡት ለማወቅ ነዋ! የት ላይ እንደጣልኳቸው በጣታቸው ስለሚያሳዩኝ ተመልሼ አነሣቸዋለሁ። ያኔ ማስተማር እንዲህ ቀላል መሰለኝ። ሕፃናት ክፍል ስገባ ግን ጣቱን ፊደሉ ላይ የሚያስቀምጥልኝ ጠፋ። እዚያ ፈልጎ ማግኘቱ የመምህሩ ሥራ ነው።

በ1974 ዓ.ም. ከሐረር መምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ወደዚህ ተመደብኩ። ጭሮን ሁላችንም አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። እውነቱን ልንገርሽ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ተቀይሜ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ «አንተ ቲቸር!» ብሎ ሲጠራኝ ደሜ ፈላ። ከሸዋ መጥቼ፣ «እርስዎ» እየተባባልን አድጌ፣ ይህን እንደ ንቀት ቆጠርኩት። ሐረርጌ ትልቅ ትንሹ በአንተና በአንቺ እንደሚጠራራ፣ አክብሮቱ በሌላ እንደሚገለጥ የነገረኝ የለም። የዚያኑ ወር ታምሜ ስተኛ የተቀየምኩባቸው ልጆች ወተት በቅል ይዘው በሬ ላይ ተሰልፈው አገኘኋቸው። አንቺ የዚህ አገር ልጅ ስለሆንሽ ይህ አይቸግርሽም። ግን አንቺም ብትሆኚ የከተማ ልጅ ነሽ፤ የገጠሩ ልጅ ዝም ሲል፣ ዓይኑን ሲሰብር፣ ወይም ስታናግሪው ሲስቅ ምን ማለቱ እንደሆነ ሳትጠይቂ አትፍረጂ።

አሁን ወደ ድሮው ትምህርት ቤት ልውሰድሽ፤ ብዙ ሰው የሽምደዳ ትምህርት ብሎ ወደሚንቀው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል ሲቆጥር ሀ ሁ ሂ እያለ በዜማ ይወርዳል። ሳምንት ሳይሞላው ዓይኑን ጨፍኖ ያወርደዋል። የኔታ ግን በዚህ አይታለሉም። ቀጥሎ አቡጊዳን ያስይዙታል። አቡጊዳ ያው ፊደል ነው፣ ተራው ግን የተለየ ነው። በዜማ ብቻ የያዘው ልጅ እዚያ ላይ ይጋለጣል፤ ፊደሉን በመልኩ የለየው ያልፋል። እስቲ አስቢው፣ «ገባህ?» የሚል ጥያቄ የለበትም። መግባቱ ተራውን በመለወጥ ብቻ ይታያል። ይህን ዘዴ ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን ተሸክሞት እስከ ዛሬ መጥቷል።

የቁርኣን ቤቱም የራሱ ብልሃት አለው። የገለምሶ አካባቢ በእስልምና ትምህርት የታወቀ አገር ነው፤ ቁርኣንን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ሼክ መሐመድ ረሻድም ከዚያው የተገኙ ናቸው። አንድ ጊዜ ከገለምሶ ወጣ ብሎ ባለ መንደር አንድ ሼክ ዘንድ ለቡና ተቀምጬ ደረሳዎቹን ሳይ ዋልኩ። እያንዳንዱ ልጅ ሎሁን፣ የሚጽፍበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ይዟል። ከጥላሸት በተሠራ ቀለም የዕለት ድርሻውን እንጨቱ ላይ ይጽፋል፣ ያነባል፣ ይደጋግማል። ዝግጁ ነኝ ሲል ሼኩ ፊት ይቀርባል። ከያዘው ሎሁን በውኃ አጥቦ አዲስ ይጽፋል፤ ካልያዘው አይታጠብም። አንዱ ልጅ በሳምንቱ አምስት ጊዜ ማጠቡን ሰማሁ፣ አጠገቡ ያለው ግን ያንኑ ጽሑፍ ለሦስተኛ ቀን ይዞ ተቀምጧል። ማንም አልሳቀበትም። ሼኩን «ይኼ ልጅ አልዘገየም?» አልኳቸው። «ሎሁ አልታጠበም እኮ» አሉኝ፣ ሌላ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር ያለ አልመሰላቸውም።

እነዚያ ቤቶች አለንጋም ነበረባቸው፤ እሱን አላመሰግንም። ግን እኛ ዘመናዊ ነን ያልነው ሎሁ ሳይታጠብ በላዩ ላይ መጻፍ ጀመርን። የሦስተኛ ክፍሉ ሳይገባ አራተኛው ይጻፍበታል፤ በአራተኛው ላይ አምስተኛው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በማግሥቱ ዓመትም 3.2 በመቶ ሲሆኑ አገር ደነገጠ። ብዙ ሰው ብዙ ምክንያት ደረደረ። ጦርነት ነበር፣ ወረርሽኝ ነበር፣ የፈተናው አሰጣጥ ተለውጧል። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ቁጥሩን ስሰማ ጆሮዬ ላይ የመጣው ያ የሕፃናት «አዎዎ!» ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «አዎ» ሲል የኖረ ልጅ አንድ ቀን ወረቀት ፊት ብቻውን ተቀመጠ።

አሁን ስለ አባትሽ ልንገርሽ። እሱ ነግሮሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ከእኔ ብትሰሚው እመርጣለሁ።

አባትሽ አምስተኛ ክፍል ነበር፣ 1978 ዓ.ም. ይመስለኛል። ሂሳብ አስተምረዋለሁ። ያረፍድ ነበር፣ ክፍል ውስጥም ያንቀላፋል። አንድ ቀን አስነሥቼ ሰሌዳ ላይ 3.50 ሲባዛ በ4 ሥራ አልኩት። ጠመኔውን ይዞ ብዙ ቆመ። ከዚያ 12.200 ብሎ ጻፈ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ትልቅ ኤክስ አሰመርኩበትና ለማርፈዱም፣ ለእንቅልፉም፣ ለስሕተቱም አንድ ላይ መዳፉን በጎማ መታሁት። አላለቀሰም። ወደ ቦታው ሄዶ ተቀመጠ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን አውጥቶ አያውቅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ገበያ ወጣሁ። አባትሽ ጫት ይዞ ተቀምጧል፤ ከአጎቱ ጋር ሌሊት ለቅመው፣ አስረው፣ አይሱዙ ሳይነሣ ያደርሱና የተረፈውን እሱ ይሸጣል። እጁ ለምን እንደሻከረ፣ ጠዋት ለምን እንደሚያረፍድ ያኔ ነው የታየኝ። አንድ ሰውዬ መጥቶ «አራት ዙርባ ጫት ስጠኝ» አለው። አንዱ 3 ብር ከ50 ነበር። አባትሽ ጣቱን እንኳ ሳይቆጥር «14 ብር» አለ። ሰውዬው 20 ብር ሰጠው፣ 6 ብር መለሰለት። አጠገቡ ቁጢጥ አልኩና «እንዴት አወቅኸው?» አልኩት። ፈራኝ። ቆይቶ «ሁለቱ 7 ብር ነው፣ ሁለቱ 7 ብር ነው» አለኝ። «ሰሌዳው ላይስ እንዴት 12.200 አልክ?» ስለው፣ ዛሬም ድረስ የምሰማውን መልስ ሰጠኝ። «ብሩን ለብቻ አባዛሁት፣ 12 ሆነ። ሳንቲሙን ለብቻ አባዛሁት፣ 200 ሆነ። ነጥቧን የት እንደማደርጋት ነው ያጣሁት።»

ልጄ፣ ያን ቀን ገበያ መሐል ተቀምጬ ያፈርኩትን እፍረት ሌላ ቀን አፍሬ አላውቅም። ልጁ ያባዛው ሁሉ ልክ ነው። ሦስት ጊዜ አራት አሥራ ሁለት ነው፣ ሃምሳ ጊዜ አራት ሁለት መቶ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለት መቶ ሳንቲም ሁለት ብር ሆኖ ወደ ብሩ ቤት እንደሚሻገር ገበያ ላይ የሚያውቀውን ወረቀት ላይ የሚያገናኝለት ሰው። ያ ሰው እኔ መሆን ነበረብኝ። እኔ ግን ኤክሱን አይቼ ልጁን ሳላይ ቀረሁ። ሰኞ ክፍል ገብቼ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ከዚያም ነጥቡን በሳንቲምና በብር አስተማርኩ። ክፍሉ ሁሉ የገበያ ልጅ ነውና በአንድ ክፍለ ጊዜ ያዙት። ጎማውን ከዚያ ወዲያ አልያዝኩም። አባትሽ ግን እጁን እንደገና ለማውጣት ዓመት ፈጀበት፣ ስምንተኛ ላይም ትምህርቱን ተወው። በእኔ ምክንያት ነው አልልም፤ ችግር ነበረበት። ነገር ግን ንጹሕ ነኝም አልልም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ብራዚል ውስጥ ተመሳሳይ ነገር መታየቱን አነበብኩ። ሬሲፌ በምትባል ከተማ ሦስት ተመራማሪዎች ጎዳና ላይ ኮኮናትና የመሳሰለውን የሚሸጡ ልጆችን እንደ ደንበኛ ሆነው ጠየቋቸው። ሂሳቡን ከመቶ 98 ያህሉን ልክ መለሱ። ያንኑ ሂሳብ ወረቀት ላይ በቁጥር ብቻ ሲሰጧቸው ልክ የመለሱት 37 በመቶ ያህሉን ነው። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ አባትሽ ሰሌዳ ላይ ከቆመበት ዘመን ጋር ይገጥማል። በዓለም ዳርቻ ሁሉ እንዲህ ያለ ልጅ አለ ማለት ነው። ያንቺም ክፍል ይሞላዋል። በዴሳና ገለምሶ ቡናና ጫት አገር ነው፤ ኪሎ የሚመዝን፣ መልስ የሚቆጥር፣ የቷ ላም ስንት ሊትር እንደምትሰጥ የሚያውቅ ልጅ ነው የሚመጣልሽ። ባዶ ዕቃ ተሸክሞ አይመጣም።

ይህን የእኛን የጨርጨርን አገር በራስ ተፈሪ ዘመን ያስተዳደሩት ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር ሲጽፉ ከላ ፎንቴን ተረቶች ተነሥተው አውሬዎችን ነበር ያናገሩት። ሩሲያ ተምረው የመጡ ሰው ናቸው፤ የአገር አስተዳደር ጉድለትን በትልልቅ ቃል መዘርዘር ያቅታቸው ነበር? ሰሚው ከልጅነቱ በሚያውቀው በተረት በር ማስገባትን መረጡ። አንቺም የምታስተምሪው ልጅ ዘንድ የትኛው በር ክፍት እንደሆነ ፈልጊ።

ቋንቋውን በተመለከተ ካንቺ የምማረው ይበልጣል፣ አንቺ በኦሮምኛ ተወልደሽ በኦሮምኛ ታስተምሪያለሽ። እኔ በመጣሁበት ዘመን ትምህርቱ በአማርኛ ነበር፣ አማርኛ ሰምቶ የማያውቅ ሕፃን ፊቴ ተቀምጦ ከንፈሬን ያያል። ኦሮምኛውን የተማርኩት ከእነሱ ነው፣ ስሕተቴም አያልቅም ነበር። አንድ ጊዜ ስለ መሬት መዞር ሳስተምር «ላፋ» የሚለውን ሳብ አድርጌ ተናገርኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ! አጭሩ መሬት ነው፣ ረጅሙ ለስላሳ ማለት ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ ተነሥታ ደጋግማ አስጠራችኝ፣ እስክይዘው አላስቀመጠችኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ያቺ ልጅ ያልገባትን ያለ ፍርሃት ትነግረኝ ጀመር። እኔ ተሳስቼ ስታረም አይታለችና።

ይኸው ርዝመትና እጥረት ነው የሐረርጌውን ሰው፣ ሼክ በክሪ ሳጳሎን፣ እንቅልፍ የነሳቸው። ገጣሚም መምህርም ነበሩ። የዓረብኛውም የግዕዙም ፊደል የኦሮምኛውን ድምፅ በሚገባ እንዳልያዘላቸው አይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ለኦሮምኛ የራሱን ፊደል ፈጠሩ። ፊደሉ በሰፊው አልተሠራበትም፣ እሳቸውም በስደት ሶማሊያ ውስጥ ነው ያረፉት። እኔን የሚነካኝ ግን ተነሡበት የምለው ነገር ነው። ተማሪው ሲቸገር ተማሪውን ደነዝ አላሉም፤ ፊደሉን መረመሩ።

ለመጠበቅ ትዕግሥት ይኑርሽ። ጥያቄ ጠይቀሽ ስንት ሰከንድ እንደምትጠብቂ ታውቂያለሽ? ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህን ለክታ፣ መምህራን በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አገኘች። ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲያደርጉት የተማሪው መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» የሚለው ቀነሰ፣ ዝም ይሉ የነበሩት መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ ትንሽ ይመስላል። ሰባ ልጅ ፊት ቆመሽ ሞክሪው፣ ዓመት ያህላል። እኔ በልቤ እስከ አሥር እቆጥር ነበር። የመጀመሪያዎቹ እጅ የሚያወጡት ሁልጊዜ ያው አምስት ልጆች ናቸው፤ ሰባት፣ ስምንት ላይ ስደርስ ከኋላ ወንበር አንድ ያላየሁት እጅ ብቅ ይላል። እኔ የምጠብቀው ያን እጅ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ሲመጣ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ጓደኞቼ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አይቻለሁ። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር ጎበዝ ነው፣ ሥዕሉ ያምራል። ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፤ ከዚያ ልጆቹ መለሱም አልመለሱም «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል። ክፍሉ ውስጥ አንድም ሰው አልመለሰም ነበር። ልጆቹ ቴሌቪዥኑን አዩት፣ ቴሌቪዥኑ ግን አላያቸውም። ያን መሣሪያ አልወቅስም፤ ዓይን የለውም። እኛ ዓይን ያለን ሰዎች ግን ስንት ጊዜ እንደ ፕላዝማ አስተማርን?

ታዲያ «ገባችሁ?» ካላልሽ ምን ትያለሽ? «እስቲ ለጎንሽ ላለችው ንገሪያት» በይ፣ ከዚያ በወንበሮቹ መሐል እየሄድሽ ጆሮሽን ስጪ። ተራውን ለውጠሽ ጠይቂ፣ እንደ አቡጊዳው። «የቱ ጋ ጣልኳችሁ?» በይ። ይህ ጥያቄ ጥፋቱን ወዳንቺ ያዞረዋል፣ ልጁም ለመናገር አይፈራም። መልስ ሲሳሳት «ተሳስተሃል፣ ሌላ» ብለሽ ወደሚቀጥለው አትለፊ፤ «እንዴት አገኘኸው?» በይው። ይህን ልክ ለመለሰውም በይው፤ አለበለዚያ «እንዴት አገኘኸው?» ማለት ተሳስተሃል ማለት እንደሆነ በሳምንት ያውቁብሻል። የማታውቂውን ሲጠይቁሽ «አላውቅም፣ ነገ አይቼ እነግራችኋለሁ» በይ፣ በነጋታውም ንገሪያቸው። በነጋታው ካልነገርሻቸው ግን ባትዪው ይሻልሽ ነበር።

የሰባውንም ልጅ ስም በመጀመሪያው ሳምንት ያዢ። የሁሉንም ደብተር በየቀኑ ማየት አትችዪም፣ እችላለሁ ብለሽ ጀምረሽ እንዳትተዪው። በየማታው አምስት ደብተር ብቻ ቤት ይዘሽ ሂጂ። በሦስት ሳምንት ሁሉንም ታዳርሻለሽ። ኤክስና ራይት አድርገሽ አትመልሺው፤ አንዲት መስመር ጻፊበት። እኔ አንድ ልጅ ደብተር ላይ «ይህ መንገድህ ደስ ብሎኛል» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ አግኝቶኝ ያንኑ ቃል በቃል ነገረኝ። እኔ ረስቼው ነበር።

ደመወዙ እንደማይበቃሽ አውቃለሁ። የቤት ኪራዩ፣ ከቤተሰብ መራቁ፣ የዝናቡ ጭቃ፣ በገበያ ቀን ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ መዋሉ ይፈትንሻል። ስብሰባውም፣ ሪፖርቱም ይበዛብሻል፤ ዕቅዱን ጽፈሽ ስታበቂ ለልጁ የሚሆን ጉልበት የማይተርፍሽ ቀን ይኖራል። በዚያ ቀን ከዕቅዱ ቆርጠሽ ለልጁ ስጪ። ይህን ስል የምትከፍዪው ዋጋ እንዳለ አውቄ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ተጠይቄበታለሁ።

አሁን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። በመጀመሪያው ወር ውስጥ ሰሌዳ ላይ ወይም ደብተር ላይ የምታገኚያቸውን ሦስት የተሳሳቱ መልሶች ልክ እንደተጻፉ ገልብጪልኝ። ልጁ እንዴት እንዳገኘው ጠይቀሽ ያለሽን ከሥሩ ጻፊ፣ በራሱ አነጋገር። ወረቀቱን ለበዴሳ ሚኒባስ ሾፌር ስጪው፣ መናኸሪያ ያሉት ልጆች ቤቴን ያውቁታል። አባትሽን እጠራዋለሁ፣ ቡና ይፈላል፣ አብረን እናነበዋለን።